አንድ ክንድ መደብ

ገሳይ፣ ኅዳር 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይህን ብዕር የያዘው የልብስ ሰፊው የሸሪፍ እጅ ነው፤ አፉ ግን የእኔ የአባትሽ የይሻው ደረሰ ነው። ጽሑፉ ካማረ እርሱን አመስግኚ፣ ቃሉ ከሻከረ እኔን ቻይኝ።

ልጄ ትዕግሥት፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ገብሱ ታጭዷል፣ ድንቹ ገና ከመሬት አልወጣም፣ ቦራዋ ላም ወልዳለች። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ትናንት ከጉና ሥር ተነሥቼ ገሳይ ድረስ በእግሬ ወርጃለሁ።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። ሸሪፍ ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ክብ ክቡን ሳየው መጀመሪያ አውድማ መስሎኝ ነበር። «ምንድን ነው ይሄ?» ስለው፣ «የሠርጉ ጠረጴዛ ነው አያ ይሻው፤ በያንዳንዱ ዙሪያ አሥር አሥር ሰው ይቀመጣል። የየሰዉም ስም በካርድ ተጽፎ ከፊቱ ይቆማል» አለኝ። «ማንበብ የማይችል ሰው ስሙን በምን ያገኘዋል?» አልሁት። «አስተናጋጁ እጅዎን ይዞ ያደርስዎታል» አለኝ። እኔን እጄን ይዞ ያስቀመጠኝ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ሠርጉ ከደጅዎ ርቆ ባሕር ዳር በመሆኑ ተቀይመዋል ወይ ላልሽው፣ ተቀይሜ ነበር፤ አለፈ። ሙሽራ የሚወጣው ከአባቱ ደጅ ነው። ነገር ግን እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ጠላ የሚጠምቅ እጅ የለም። የእጮኛሽ የደምሴም ወገን ከናዝሬት፣ የእኛም ከጉና ተነሥቶ ጣና ዳር ይገናኝ ካላችሁ ይሁን ብያለሁ። ካልሁም አልሁ ነው።

ከዚህ የምንመጣው ሠላሳ ሰባት ነን። የእኛን ሰው በዕድሜው አስቀምጪ፤ በወዳጅነት አይደለም። ቄሱ ከእኔ በላይ ይሁኑ፤ ከእርሳቸው በታች እኔ ነኝ። ክብ ጠረጴዛ ራስጌ የለውም ብለሻል። እኔ የተቀመጥሁበት ራስጌው ነው።

ሸሪፍ ከሚስቱ ከሀዋ ጋር ይመጣል። ለእስላሞቹ በግ ለብቻ ይታረድ፤ ራሱ ሸሪፍ ያርደዋል። ድስቱም ሳህኑም ለብቻ መሆኑን ለሆቴሉ ሰው ከአሁኑ ንገሪው። ጠረጴዛቸውን ግን ከእኔ አታርቂ። ሸሪፍ «ይህን እኔ የጨመርሁት እንዳይመስላት» አለኝ። ያልሁት እኔ ነኝ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። የት መቀመጥ ይፈልጋሉ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጀርባየ ለግድግዳ፣ ፊቴ ለበሩ ይሁን። ሌላ አልፈልግም። በቤቴም፣ በማኅበርም፣ በተዝካርም የምቀመጠው እንዲህ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሐይቁን ማየት የሚፈልግ ይይ፤ እኔ በሩን ነው የማይ።

ደግሞ በአንደኛው ጠረጴዛ ከእኔ ጋር የሚቀመጡትን የደምሴን ሰዎች ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፊልኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተው የጠየቁኝ ለታ የአባቱንም የእናቱንም አጥንት እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ። ዝምድና የለንም፤ ንጹሕ ነው። ማዕድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከማን ጋር እንደምቆርስ ሳላውቅ እጄን አልታጠብም።

ሸሪፍ መልሶ አንብቦልኛል። የቀረ የለም።

አባትሽ ይሻው ደረሰ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ። ጉና በዚህ ወር እንዴት እንደሚያደርግ ስለማውቅ ካፖርት በሹፌሩ ልኬልዎታለሁ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ።

ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። የጋሽ ሸሪፍ በግ ተነግሯል፣ ጠረጴዛቸውም ከእርስዎ ቀጥሎ ነው። ጀርባዎም ለግድግዳ ይሆናል። ግድግዳው ግን መስታወት ነው፤ ሐይቁ ከኋላዎ ይታያል።

የአንደኛውን ጠረጴዛ ስም ጠይቀውኛል። ከእኛ ወገን እርስዎ፣ ቄሱና ሦስቱ አጎቶቼ ናችሁ። ከደምሴ ወገን አራቱ ያባቱ ወንድሞች ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ አይተዋቸዋል። አምስተኛዋ ያላዩአቸው እማማ ማሬ ናቸው፤ ማሬ ዘውዱ። ደምሴ እናቱ ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር። አባቱ ከዚያ በኋላ ነው እርሳቸውን ያገቧቸው። አባቱም ሲሞቱ ያሳደጉትና ያስተማሩት እርሳቸው ብቻቸውን ናቸው። እርሱም ከእማማ ሌላ እናት አያውቅም።

በእኔ በኩል እርስዎ ብቻ፣ በእርሱ በኩል እርሳቸው ብቻ ስለሆናችሁ ወንበሮቻችሁን ትይዩ አድርገናቸዋል። ማዕዱ ሳይቀርብ መጀመሪያ የእርስዎን፣ ቀጥሎ የእማማን ጉልበት እንስማለን።

ደስ ያለኝ ነገር ደግሞ እማማ የእኛው አገር ሰው መሆናቸው ነው። ከጉና ሥር ነው የመጡት። የትኛው ቀበሌ ብዬ ስጠይቃቸው «ድሮ ነው ልጄ» ይሉና ወሬውን ይለውጣሉ። ምናልባት ያውቋቸው ይሆናል።

ልጅዎ ትዕግሥት


ገሳይ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

የጻፈው ያው ሸሪፍ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ካፖርቱም ደርሷል፤ ሰፍቶኛል። ሠርጉ ላይ አልመጣም።

ጉልበቴ ታሟል። መኪና መውጣት አልችልም። ላሟም ታማለች፤ ጥጃው አይጠባም፤ ትቻት የምሄድበት የለኝም። ደግሞ በጥር ድንቹ ይወጣል። አንድ ምክንያት አልበቃ ካለሽ ሦስት ሰጥቼሻለሁ።

በእኔ ቦታ ቄሱ ይቀመጡ። ጉልበት ካልተሳመ ጋብቻ አይጸናም የሚል ሕግ አልሰማሁም። መሳም ካለብሽ ከጥምቀት በፊት እዚህ መጥተሽ ሳሚ። ደምሴንም ይዘሽው ነይ፤ እርሱ ምንም አላጠፋም። ጠልቶት ነው እንዳትይ፤ ደህና ልጅ ነው፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያያል።

የዚያችን ሴት ወንበር እንዳትነኪ። ስለ እርሷ የተናገርሁት ክፉ ነገር የለም፤ ማንም ክፉ እንዲናገርባት አልፈቅድም። በክብር አስቀምጫት። የሚነሣው የእኔ ወንበር ነው። ስሜ የተጻፈበትን ካርድ ቅደጂው።

ያውቋታል ወይ ብለሻል። የጉና ሥር ሰው ብዙ ነው።

ሸሪፍ መልሶ አንብቦልኛል። ልክ ነው።

አባትሽ ይሻው ደረሰ

የሸሪፍ ቃል፦ ከዚህ በታች ያለውን አያ ይሻው አላሉኝም። መልሼም አላነብላቸውም፤ እዘለዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ስጽፍላቸው ያላሉትን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያየ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ልጄ ትዕግሥት፣ ጉልበታቸው ደህና ነው። ላሟም ደህና ናት፤ ወተቷን ዛሬ ጠዋት ጠጥቻለሁ። የወይዘሮ ማሬን ስም ሳነብ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ወይዘሮ ማሬን «እሸቴ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚህ በላይ እኔ መናገር አይገባኝም።


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባቴ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎን ሰው እንዳይቆጡት እለምናለሁ። ጋሽ ሸሪፍ ከእርስዎ ቃል በታች የራሳቸውን አራት አምስት መስመር ጽፈውልኛል። ጉልበትዎ ደህና እንደሆነ፣ ላሟም ደህና እንደሆነች፣ እማማ ማሬንም አንድ ስም እንድጠይቃቸው።

ጠየቅኋቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። «እማማ፣ እሸቴ ማን ነው?» አልኋቸው። ቅጠሉን ከእጃቸው አላስቀመጡም። «ባሌ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «የቀረውን አባትሽን ጠይቂው። እኔ ከነገርሁሽ ክስ ይሆንብኛል» አሉ።

አባቴ፣ አንድ ያልነገርሁዎ ነገር አለ። የወንበሩን ቦታ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። ሽማግሌዎቹ ከእርስዎ ዘንድ ተመልሰው «ይሻው ደረሰ ፈቀደ» ያሉ ለታ፣ እማማ «ይሻው ደረሰ ነው ያላችሁት?» ብለው አንድ ጊዜ ጠይቀው ነበር። ከዚያም «ይሁን» አሉ። ወረቀቱን ስሠራ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉና «አባትሽን ፊት ለፊቴ አድርጊልኝ» አሉኝ። ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ ምንጭ ወርደን ውሃ ስንቀዳ አንዲት ሴት «የባለ ደም ልጅ ቀድማ ትቅዳ» ብላኝ ታውቃለች። እናቴን ስጠይቃት እንስራዬን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ደብረ ታቦር ለትምህርት ገባሁ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለኝም። አሁን ግን የማገባው የማንን ልጅ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። የማንስ ልጅ ነኝ?

አልመጣም ካሉም ምክንያቱን ከአፍዎ ልስማ። ካርዱን አልቀደድሁትም።

ትዕግሥት


ገሳይ፣ ጥር 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

ብዕሩ አሁንም በሸሪፍ እጅ ነው። ልነጥቀው ነበር። ሌላ ሰው እንዲያውቅ ስላልፈለግሁ ተውሁለት።

ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ ገና መጀመሪያው ላይ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። «ቀጥል» አልሁት። «አያ ይሻው፣ ይቺን ልዝለላት?» አለኝ። «እስከዛሬ ስንት ዘለልህ?» አልሁት። «አንድ» አለ። «እንግዲያው ሁለት አታድርገው» አልሁት። አነበበው። ተነሥቼ ወጣሁ። ገና አለፈ፣ እርሱ ቤት ደጅም አልደረስሁም። ዛሬ ግን መጣሁ። ሀዋ «እናንተ ሁለት ሽማግሌዎች ተኳርፋችሁ ማን ሊያስታርቃችሁ ነው?» አለችኝ። ለእርሷ ስል ተቀመጥሁ።

አሁን ስሚ። ሸሪፍ፣ እንዳልሁት ጻፍ፤ አታሳምረው።

በ1962 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ያጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ሚዜ ነበርሁ። በዳሱ ውስጥ መደቡ በድንጋይ ተደርድሮ ሣር ተጎዝጉዞበታል። ለአፍታ ወጥቼ ስመለስ እሸቴ ቦታየ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ነው፤ የክፉ ቀን ወዳጄ፣ በሬ ስናቀናጅ የኖርን። «ተነሥ» አልሁት። «መደቡን ያባትህ አደረግኸው?» አለና ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። አንድ ክንድ ያህል ቢጠጋልኝ ይበቃኝ ነበር። እኔም ወዲያ አንድ ክንድ ብጠጋ ቦታ ነበር። በያዝሁት ሽመል መታሁት። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ማዕዱ ላይ ተደፋ።

ጠላው ነው እንዳልል፣ ጠላው ገና አልዞረም። መሬቴን አልገፋኝም፣ እናቴን አልሰደባትም። ሰው የገደልሁት ለመቀመጫ ነው።

ሸሪፍ በዚያ ዳስ ለእስላሞቹ በተለየው በኩል ነበር። እሸቴን ቀና አድርጎ የያዘው እርሱ ነው። የሚያውቀውም ለዚህ ነው።

አምስት ዓመት ደብረ ታቦር ታሰርሁ። መንግሥት ሲለወጥ ወጣሁ። ሽማግሌ ገባ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ማሬ በር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆምሁ። የእሸቴ ወንድሞች «እግዜር ይማርህ» አሉ። መስቀል ተሳለምን፣ ማልን። ደሙ ደረቀ፣ ከእንግዲህ የሚያነሣው ይቀጣ ተባለ። ድንጋዩን ሽማግሌዎቹ ከጫንቃየ አወረዱልኝ። ማሬ ግን ከቤት አልወጣችም። አውርድ አላለችም። ሽማግሌ ወንድማማቹን ይቆጥራል እንጂ ሚስቲቱን ማን ይቆጥራል? እኔም ያኔ አልቆጠርኋትም። ብዙ ሳይቆይ አገር ለቃ ሄደች ሲባል ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ይህንንም ጻፈው ሸሪፍ።

ከዚያ ወዲህ የሠርግ ዳስ ገብቼ አላውቅም። ያንቺ ሲሆን ግን እገባለሁ ብየ ነበር። በሩን ለምን እንደማይ አሁን ገባሽ። የእሸቴን ወንድሞች አይደለም የምጠብቀው፤ እነርሱ ምለዋል። እርሷን ነው። የደምሴን ሰባት ቤት ስቆጥር ያባቱን አጥንት ቆጠርሁ፣ የእናቱን አጥንት ቆጠርሁ። ያሳደገችውን ሰው መቁጠር አላሰብሁም፤ አጥንት አይደለችማ። እርሷ ግን በዚያው ቀዳዳ ገባች።

የማን ልጅ ነኝ ላልሽው፣ የእኔ ነሽ። አልወድም ካልሽ ካርዱን በፖስታ ላኪልኝ፤ ሌላ ቃል አያስፈልገኝም።

ፊት ለፊቴ ይቀመጥ ያለችው ለምንድን ነው? በሰው ፊት ልታዋርደኝ ከሆነ መብቷ ነው፤ በአንቺ ቀን ግን አይሁን። ጠይቂያት። የምትለውን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። እስከዚያ ድረስ አልመጣም ያልሁት እንዳለ ነው።

አንብብልኝ አልልህም ሸሪፍ። እጠፈው።

ይሻው ደረሰ


ገሳይ፣ ጥር 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሸሪፍ ዛሬ ሱቁን ዘግቶ ነው ብዕሩን የያዘው። ደብዳቤውን ነገ በሚወርደው ሚኒባስ ባሕር ዳር ለአንቺ በእጅሽ እንዲሰጥልኝ አዝዣለሁ።

በደብዳቤሽ የላክሽልኝን የማሬን ቃል አራት ጊዜ አስነበብሁት። «ድንጋዩን ተሸክሞ ሲቆም በግድግዳው ስንጥቅ አየው ነበር። አውርድ አላልሁትም፤ እስከ ዛሬም አላልሁትም። ይምጣ። ፊቱን አይቼ የምለውን እላለሁ» ብላለች። የምትለውን አልነገረችሽም፣ አንቺም አልጠየቅሻትም። ደግ አደረግሽ። ሸሪፍ «ምሕረት ነው» አለኝ። «የትኛው ቃል ላይ ነው ያየኸው?» አልሁት። ፈለገ ፈለገና አጣው።

አንቺ ስለ ራስሽ የጻፍሽልኝን ግን ያስነበብሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካርዱንም አለመላክሽን አይቻለሁ።

እመጣለሁ። ሐሙስ ደብረ ታቦር አድራለሁ፤ ዓርብ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር እገባለሁ። ማረፊያ ልያዝልዎ ወይ ላልሽው፣ ሸሪፍ ዘመድ አለው፣ እዚያ አርፋለሁ። ካፖርቱን ሸሪፍ በልኬ አጥብቦታል።

ድንጋዩን ከዚህ ይዣለሁ። ያኔ ሲያወርዱልኝ እዚያው መተው ነበረብኝ፤ እኔ ግን ይዤው ገባሁና በበረቱ አጥር ላይ ጨመርሁት። ትናንት ከጥምቀት ስመለስ ነቀልሁት። ሸሪፍ «ባሕር ዳር ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አለኝ። የባሕር ዳር ድንጋይ አያውቀኝም። የሚኒባሱ ረዳት ከሳቀም ይሳቅ። ሰው በሳቀብኝ ጊዜ ያደረግሁትን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ አሁን ችየ እቀመጣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እርሷ ካረፈችበት ቤት ደጅ እቆማለሁ። አንቺ እንዳትመጪ፣ ደምሴም እንዳይመጣ። ሽማግሌም አልፈልግም፤ ያኔ ነገሩ የቀረው ሽማግሌ በዝቶበት ነው። አውርድ ካለችኝ እሑድ በወንበሬ እቀመጣለሁ። ካላለችኝ ከሆቴሉ በር ውጭ እቆያለሁ፤ ወጥተሽ ጉልበቴን ስመሽ ትገቢያለሽ፣ እርሷም በክብሯ ትቀመጣለች። ወንበሬን ግን ባዶውን ተዪው። የሰው ቦታ ላይ ሌላ ሰው እንዳታስቀምጪ።

ከተቀመጥሁ አንድ ነገር ትለውጫለሽ። ጀርባየ ለግድግዳ ያልሁሽን ሰርዢው። ግድግዳው ለእርሷ ይሁን፤ በሩን እርሷ ትየው። እኔ ፊቴን ለእርሷ፣ ጀርባየን ለበሩ እሰጣለሁ። የሚገባው ይግባ። አስተናጋጁም እጄን ይዞ ያስቀምጠኝ፤ እምቢ አልልም። ከጎኔ ለሚቀመጠው ሰው አንድ ክንድ ተዪለት። ከጠበበውም ይንገረኝ፤ እጠጋለታለሁ።

ሸሪፍ፣ አሁን መልሰህ አንብብልኝ። ያልሁትንም ያላልሁትንም፤ አንድም አትዝለል።